ማጓጓዣውን ከፍዬ ለምን እንደገና ቀረጥ?

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎች የሚያነሡት ይህ ጥያቄ በቡድናችን ስለተደጋገመ ላብራራው። ለአጓጓዡ ዲኤችኤል ወይም ለፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት (ኢኤምኤስ) የምትከፍሉት ዕቃው እንዲመጣ ነው፤ ቀረጥና ታክስ የመንግሥት ናቸው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተደምሮ መሆኑን ነው። በ100 ዶላር የተገዛ ጫማ በ60 ዶላር ቢጓጓዝ ስሌቱ ከ160 ይነሣል፤ በ25 ቢመጣ ከ125 (ኢንሹራንሱን ትተን)። ውድ ማጓጓዣ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል ማለት ነው! 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ይታሰባል።

ይህ እርግጥ ነው። የቀረጡ መጠን እንደ ዕቃው ዓይነት፣ የጉምሩክ ማስፈጸሚያ ክፍያውም እንደ አጓጓዡ ይለያያል፤ ሁለተኛውን ዕቃው ከመላኩ በፊት ጠይቁ። ፒያሳ ለሚሠራ ሰው ቸርችል ጎዳና ወዳለው ዋና ፖስታ ቤት መውረድ ስለማይከብድ፣ ላልቸኮለ ዕቃ እኔ ፖስታውን እመርጣለሁ።