«ሥጋ ግን ደካማ ነው»፦ ግማሹ የተቆረጠ አባባል

ጾም የገደፈ ሰው፣ «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ ምሎ በማግስቱ ግሮሰሪ ቁጭ ብሎ የተገኘ ሰው፣ ታርቆ ሳይውል ሳያድር የተጣላ ሰው፣ ሁሉም አንድ መሸሸጊያ አላቸው፦ «ምን ላድርግ፣ መንፈስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው!» አንዳንዱማ «ያው ሥጋ ደካማ ነው» ብሎ ያሳጥረውና ትከሻውን ሰብቆ ያልፋል። ሰሚውም ፈገግ ብሎ ይተወዋል። አባባሉ በመካከላችን የሚነገረው እንግዲህ ለማስተባበያ ነው፤ ጥፋቱ ካለፈ በኋላ ይጠቀሳል።

መጀመሪያ የተነገረው ግን ከጥፋቱ በፊት ነው። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ቁጥር 41 ላይ እንደምናነበው፣ ኢየሱስ በተያዘባት ሌሊት በጌቴሴማኒ ለጴጥሮስ የተናገረው ቃል ነው። ሙሉው እንዲህ ይላል፦ «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ትጉና ጸልዩ፤ መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው።» ትእዛዙ ይቀድማል፣ ምክንያቱ ይከተላል። እኛ ትእዛዙን ጥለን ምክንያቱን ብቻ ወሰድን።

ጴጥሮስ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሁሉም ቢሰናከሉ እርሱ ከቶ እንደማይሰናከል ተናግሮ ነበር። እየዋሸ አልነበረም። የተዘጋጀችው መንፈስ ይቺ ናት፤ ከልብ የሆነ ፉከራ። ነገር ግን እርሱና ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት እራት በልተው፣ መዝሙር ዘምረው፣ በሌሊት የቄድሮንን ወንዝ ተሻግረው የመጡ ሰዎች ናቸውና ዐይናቸው ከበደ። ሉቃስ ደግሞ ከኀዘን የተነሣ እንደተኙ ይጽፋል። ይህ ለእኔ የታሪኩ ጥልቅ ቦታ ነው። ክፋት አላሸነፋቸውም፣ ድካምና ሐዘን እንጂ። ኢየሱስ ሦስት ጊዜ ሄዶ ጸለየ፤ ተመልሶ በመጣ ቁጥር ተኝተው አገኛቸው። ያልጸለየው ጴጥሮስ ጠባቂዎቹ ሲመጡ ሰይፍ መዘዘ፤ ጥቂት ቆይቶ በሊቀ ካህናቱ ግቢ አንዲት ገረድ ስትጠይቀው «አላውቀውም» አለ። መጀመሪያ ከልክ ያለፈ ድፍረት፣ ቀጥሎ ከልክ ያለፈ ፍርሃት።

ስለዚህ «ሥጋ» የተባለው የሚናቅ ወይም የሚጠላ አካል አይደለም፤ የሚደክም፣ የሚፈራ፣ እንቅልፍ የሚጥለው ሰውነት ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህን በሚገባ የተረዳው ይመስለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆመውን ሰው «በርታ» ብላ ብቻ አልተወችውም፤ መቋሚያ ሰጠችው። አናቱ አግድም የተሠራው ያ ረጅም በትር ለዝማሜ (ከዜማው ጋር ለሚደረገው እንቅስቃሴ) ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ ጉልበቱ የዛለ መዘምር ብብቱ ሥር አድርጎ ይደገፍበታል። ጸሎትም በቀንና በሌሊት በሰባት ጊዜያት የተከፋፈለው፣ ሰው ስሜቱ ሲነሣሣ ብቻ ይጸልይ ቢባል ብዙ ቀን ሳይጸልይ እንደሚውል ስለሚታወቅ ይመስለኛል። በአባታችን ሆይም «ወደ ፈተና አታግባን» የምንለው ፈተናው ደጃችን ሳይደርስ ነው።

እንግዲህ አባባሉን በቦታው የሚጠቀም ማን ነው? ከጠጪ ጓደኞቹ ጋር እንዲያመሽ ሲጠራ «ይቅርብኝ፣ ሥጋ ደካማ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው፣ ጠጥቶ ካደረ በኋላ ጥቅሱን ከሚያስታውሰው ይልቅ ለጌቴሴማኒው ትርጉም ይቀርባል።