ጀበና ውስጥ የገባ ገመድ፦ ቫይረሶች ዲኤንኤያቸውን እንዴት ይይዛሉ፣ ያባዛሉ፣ ያደርሳሉ?

ጅማ ውስጥ ጀበና የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሆዱ ድብልብል፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ቫይረስ ዲኤንኤውን፣ ማለትም የዘር መመሪያው የተጻፈበትን ክር፣ እንዴት እንደሚይዝ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላገኘሁም።

ላምዳ የሚባለውን ቫይረስ እንውሰድ። ላምዳ ሰው አያሳምምም። የሚያጠቃው አንጀታችን ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እንዲህ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ፌጅ ይባላሉ። የላምዳ ጭንቅላት፣ ማለትም ዲኤንኤውን የያዘው የፕሮቲን ቅርፊት፣ ስፋቱ 60 ናኖሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ግን 48,502 ጥንድ ፊደላት አሉት፤ ቢዘረጋ ከ16 ማይክሮሜትር ያልፋል። ይህን በዓይነ ህሊና ለማየት እናጉላው። ጭንቅላቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሆድ ያለው ትልቅ ጀበና ቢሆን፣ ዲኤንኤው ከትንሽ ጣት የቀጠነ፣ 55 ሜትር የሚሆን ገመድ ነው። ያ ሁሉ ገመድ ጀበናው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ፌጅ ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ አለ። አዌቱ ወንዝ ውስጥ አለ፣ ቦዬ ረግረግ ላይ አለ። የታጠበ ቡና በሚብላላበት ገንዳ፣ ቆጮ በተቀበረበት ጉድጓድ፣ እርጎ ውስጥም አለ።

ገመዱ የሚገባው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶው ጭንቅላት ይሠራል። በአንድ ጎኑ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ላይ የፕሮቲን ሞተር ይገጠምና ኤቲፒ የተባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠለ ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይስባል። ፋይ 29 በተባለ ሌላ ፌጅ ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የዚህን ሞተር ጉልበት ለክተውታል። ጡንቻችንን ከሚያንቀሳቅሰው አንድ ሞተር ፕሮቲን ከአስር እጥፍ በላይ ይስባል። እንዲህ መጎተቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዲኤንኤ መታጠፍ አይወድም። በዚያ ላይ ሁለመናው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሆነ ጎን ለጎን ሲታጨቅ እርስ በርሱ ይገፋፋል። ሞልቶ ሲያልቅ ውስጡ ያለው ግፊት በ60 አትሞስፌር ይገመታል፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩ ይነሳና በቦታው ጅራት ይገጠማል። የጀበናው አንገት የሚሠራው ሆዱ ከሞላ በኋላ ነው እንደማለት።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው እዚህ ላይ ነው። ግፊቱ የማድረሻውም ጉልበት ነው። ላምዳ በጅራቱ ጫፍ ባክቴሪያው ላይ ያለውን የስኳር መግቢያ በር ይይዛል። በሩ ባክቴሪያው ማልቶስ የሚያስገባበት ነው። ሲይዘው ጅራቱ ይከፈትና የታመቀው ዲኤንኤ መስፈንጠር ይጀምራል። ሲታሸግ የወጣው ጉልበት ሲከፈት ሥራ ይሠራል። ቲ 4 የተባለው ፌጅ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። የጅራቱ ሽፋን እንደ ስፕሪንግ ይኮማተርና ውስጡ ያለውን ቱቦ በባክቴሪያው ግድግዳ ያሳልፈዋል።

ወደ ውስጥ የሚገባው ዲኤንኤው መሆኑን ያሳየ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1952 ተሠርቷል። አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼዝ የፌጁን ፕሮቲን በራዲዮአክቲቭ ሰልፈር፣ ዲኤንኤውን በራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ምልክት አደረጉበት። ባክቴሪያዎቹ ከተጠቁ በኋላ በብሌንደር መቷቸው። አዎ፣ ጁስ ቤት አቮካዶ በሚመታበት ዓይነት ብሌንደር። ባዶዎቹ ቅርፊቶች ተራግፈው ቀሩ፤ ፎስፈረሱ ግን በአብዛኛው ከባክቴሪያዎቹ ጋር ተገኘ። ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1969 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ቼዝ አልተካተተችም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል።

ማባዛቱ ላምዳ ላይ ቆንጆ ነው። የዲኤንኤው ሁለት ጫፎች ባለ 12 ፊደል ተለጣፊ ጅራት አላቸው። ባክቴሪያው ውስጥ ሲገባ ጫፎቹ ይያያዙና ቀለበት ይሆናል። መጀመሪያ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይባዛል። በኋላ ክር ከጥቅል ላይ እንደሚፈታ እየተሽከረከረ ረጅም ሰንሰለት ያወጣል። ሞተሩ ከሰንሰለቱ አንድ አንድ ድርሻ እየቆረጠ ባዶዎቹ ጭንቅላቶች ውስጥ ያስገባል። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ ወደ መቶ የሚጠጉ አዳዲስ ፌጆች ይወጣሉ።

አንዳንዴ ላምዳ አይቸኩልም። ዲኤንኤውን ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ጋር ሰፍቶ ዝም ይላል። ባክቴሪያው ሲባዛ እሱም አብሮ ይባዛል። አልትራቫዮሌት ጨረር ባክቴሪያውን ሲጎዳው ደግሞ ይነቃል።

ይህ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ አይደለም። በየክረምቱ ስለ አተት እንሰማለን። ከአተት አምጪዎች አንዱ የኮሌራ ባክቴሪያ ነው። ያን ሁሉ ውሃ ከሰውነት የሚያስወጣው መርዝ ግን መመሪያው የመጣው ከፌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንደታወቀው፣ ወደ 7,000 ፊደል ዲኤንኤ ያለው ክር መሰል ፌጅ የመርዙን ጂን ለባክቴሪያው ያደርሳል። ባክቴሪያውን ሳይገድል አብሮት ይኖራል።

የሰው፣ የከብትና የዕፅዋት ቫይረሶች መንገዳቸው ይለያያል። ከብትን የሚያጠቃው የጉርብርብ ቫይረስ ትልቅ ነው፣ ወደ 150,000 ጥንድ ፊደላት አሉት። የመገልበጫ መሣሪያውን ይዞ ስለሚመጣ የሴሉ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ኒውክለስ፣ ሳይገባ ይባዛል። ከከብት ወደ ከብት የሚያደርሱት ተናካሽ ዝንቦችና ትንኞች ናቸው።

ሄፓታይተስ ቢ ተቃራኒው ነው። 3,200 ገደማ ፊደል ብቻ፣ ያውም ከሁለቱ ክሮች አንዱ ያልተጠናቀቀ። ጉበት ሴል ሲገባ ክፍተቱ ይሞላና ኒውክለስ ውስጥ ጥብቅ ቀለበት ይሆናል። ከቀለበቱ አርኤንኤ የሚባል ቅጂ ይገለበጣል፣ አርኤንኤው ተመልሶ ዲኤንኤ ይሆናል። አሁን በብዛት የሚወሰዱት መድኃኒቶች የሚያቆሙት ይህን የመመለሱን ሥራ ነው። ቀለበቱ ግን ይቀራል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ለረጅም ዘመን ይወስዳል። አገራችን ሕፃናትን በአምስት በሽታ ተከላካዩ ክትባት መከተብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ከአምስቱ አንዱ ነው።

እንሰትም የራሱ አለው። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ሰንበር የሚያወጣው ቫይረስ እንደ ሄፓታይተስ ቢ በአርኤንኤ በኩል ዞሮ ይባዛል። የዕፅዋት ሴል ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ግን በራሱ ሰብሮ አይገባም። የዚህ ወገን ቫይረሶችን የሚያደርሷቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ናቸው። ገበሬው ከታመመ እንሰት ችግኝ ሲያወጣም ቫይረሱ አብሮ ወደ አዲሱ ጓሮ ይሄዳል።