የሆስፒታል ህንጻና የእሳት ደህንነት ህጎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሌላ ህንጻ ላይ አላርም ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ነው የሚሮጠው፣ ሆስፒታል ላይ ግን ይሄ አይሰራም። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ፣ ሆዱ ተከፍቶ ኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ የተኛ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ ያለ ጨቅላ፣ እነዚህን ይዞ በደረጃ መውረድ የማይታሰብ ነው። ለዛ ነው የጤና ተቋም የእሳት ህግ ከሌላው በተቃራኒ የሚነሳው፦ በሽተኛው ባለበት ይቆይ፣ ህንጻው ራሱ ይከላከልለት ይላል። መንቀሳቀስ ግድ ከሆነም መጀመሪያ ወደ ጎን ነው፣ እዛው ፎቅ ላይ እሳትና ጭስ ከሚያግደው የእሳት በር ወዲያ ወዳለው ክፍል፣ ወደ ታች መውረድ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ካልሆነ ነው።

በዚህ ጉዳይ በብዛት ተጽፎ የሚገኘው የአሜሪካው ስለሆነ እዚህም ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ዋናው ሰነድ የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማህበር የሚያወጣው ኤንኤፍፒኤ 101 የሚባል የህንጻ ደህንነት ደንብ ሲሆን ሲኤምኤስ የሚባለው የመንግስት የጤና መድን መስሪያ ቤት እኤአ በ2016 የ2012ቱን እትም አስገዳጅ አድርጎታል፣ ያላሟላ ሆስፒታል የመድኑን ክፍያ ሊያጣ ይችላል፣ ህጉ ጥርስ ያወጣው በዚህ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ኤችቲኤም 05 የሚባል የራሳቸው መመሪያ አላቸው፣ ሀሳቡ ብዙም አይራራቅም።

አብዛኛው አንቀጽ ከሰው ሞት በኋላ የተጻፈ ነው። ትልቁ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ቃጠሎ ነው፣ ግንቦት 15፣ 1929 እኤአ። የዛን ጊዜ የራጅ ፊልም የሚሰራው ከናይትሮሴሉሎስ ነበር፣ ሲሞቅ እየፈረሰ ናይትሮጅን ኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣ ነገር፣ እሱ በብዛት ምድር ቤት ተከማችቶ ነበር። 123 ሰው ሞተ፣ ከክሊኒኩ አራት መስራቾች አንዱ ዶክተር ጆን ፊሊፕስ ጭምር፣ አብዛኛው ደግሞ ተቃጥሎ ሳይሆን ጋዙን ስቦ ነው። መነሻው የእንፋሎት ቧንቧ ነው፣ አምፖል ነው፣ ሲጋራ ነው ተብሏል፣ እስከዛሬ አልተቋጨም። ከዛ በኋላ ብዙ ቦታ የማይቀጣጠለው ፊልም ተተካ፣ የፊልም ማከማቻም ጥብቅ ህግ ወጣለት።

በ1949 እኤአ ኢሊኖይ ውስጥ ኤፊንግሃም የሚባል ከተማ የሴንት አንቶኒ ሆስፒታል በሌሊት ተቃጠለ፣ የሟቾች ቁጥር አንዳንዱ 74 ሌላው 77 ይላል። በር የሌለው ደረጃ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የልብስ ማጠቢያ ሹት (የቆሸሸ ልብስ ከየፎቁ የሚጣልበት ቱቦ)፣ የሚቀጣጠል ኮርኒስ፣ እሳቱ ራሱ መንገድ ተጠርጎለት የጠበቀው ያህል ነው። ጨቅላዎቹን ጥዬ አልወጣም ብላ አብራቸው የቀረች ነርስም ነበረች። በ1961 እኤአ ታህሳስ ደግሞ ሃርትፎርድ ሆስፒታል በቆሻሻ ሹት ውስጥ የተነሳ እሳት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሹቱን በር ገንጥሎ ኮሪደሩን ሞላው፣ 16 ሰው ሞተ። መነሻው ሲጋራ ነው ይባላል። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነው፣ በራቸው ዝግ ሆኖ የቆየላቸው በሽተኞች ተርፈዋል። ዛሬ የመኝታ ክፍል በር ገጥሞ መዘጋትና መቀርቀሪያው መያዝ አለበት የሚባለው እንዲሁ የቢሮክራሲ ጣጣ አይደለም።

ከዛ ወዲህ ያሉት ብዙ ናቸው፣ በ2011 እኤአ ህንድ ኮልካታ ላይ የአምሪ ሆስፒታል፣ ምድር ቤቱ መጋዘን ሆኖ ወደ 90 ሰው ሞተ፣ በ2021 እኤአ ባግዳድ ላይ ኢብን አል ኻጢብ ሆስፒታል፣ ከኦክስጅን ሲሊንደር ተነሳ የተባለ፣ ከ80 በላይ ሰው ሞተ።

ወደ ህንጻው እንመለስ። አንድ ፎቅ ጭስ በማያሳልፍ ግድግዳ ይከፋፈላል፣ በ2012ቱ እትም አንዱ ክፍልፋይ ከ2,100 ካሬ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። የአዲስ ሆስፒታል ኮሪደር ስፋት 2.44 ሜትር፣ ይሄ አልጋ እየተገፋ እንዲተላለፍ ነው፣ ባለ ጎማ ዕቃ ለጊዜው ቢቆምም 1.5 ሜትር ነጻ መቅረት አለበት። ወረቀት ላይ ይሄ ሁሉ ያምራል። ግድግዳውን የሚያበላሸው ግን ከኮርኒሱ በላይ ያለው ነገር ነው፦ ኢንተርኔት የሚዘረጋው ይመጣል ይበሳል ይሄዳል፣ ካሜራ የሚገጥመው ይበሳል ይሄዳል፣ ቀዳዳው ይቀራል፣ ጭስ ደግሞ ቀዳዳ አይንቅም። መሰላል ላይ ወጥቶ ኮርኒስ እያነሳ እነዚህን አንድ በአንድ የሚደፍነው የጥገና ሰራተኛ ነው፣ ስሙ የትም ሪፖርት ላይ አይወጣም እንጂ ከየትኛውም ዘመናዊ አላርም በላይ ሰው የሚያድን እሱ ይመስለኛል። ጥሩ ተቋማት ከኮርኒስ በላይ ለሚሰራ ማንም ፈቃድ ይጠይቃሉ። የእሳት በርን ከፍቶ በሽብልቅ የሚያስይዝ ሰው ደግሞ የሱን ልፋት ሁሉ በአንዴ ዜሮ ያደርገዋል።

ኦክስጅን ለብቻው መነሳት አለበት። አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ ነው፣ ከ23.5 በመቶ ሲያልፍ የበለጸገ ይባላል፣ እንዲህ ባለ አየር አንሶላና ፀጉር ሳይቀር በፍጥነት ይነዳል። በየዋርዱ መዝጊያ ቫልቭ አለ፣ ማን ይዝጋው የሚለው ላይ ተቋማት አይስማሙም፣ አንዳንዱ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ነው የሚለው፣ ሌላው ከሀኪም ጋር ሳይመከር አይነካም፣ ምክንያቱም መዝጋቱ ራሱ ቬንቲሌተር ላይ ያለውን ሊገድል ይችላል። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ደግሞ ቆዳ የሚጸዳበት አልኮል ያለው ፈሳሽ ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ መቁረጫውን መጠቀም የታወቀ የእሳት ምክንያት ነው፣ ቢያንስ ሶስት ደቂቃ ይጠበቅ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ፀጉር ያለበት ቦታ ከሆነም ከዛ በላይ።

የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር በየወሩ ይታያል፣ በዓመት አንዴ በባለሙያ ይፈተሻል፣ ኤምአርአይ (በትልቅ ማግኔት የሚሰራ የምስል መሳሪያ) ክፍል የሚገባው ማግኔት የማይስበው መሆን አለበት። ጄነሬተሩ መብራት በጠፋ በ10 ሰከንድ ውስጥ የህይወት ማዳኛ መስመሮቹን መያዝ አለበት፣ በየወሩም ጭነት ይዞ 30 ደቂቃ ይሞከራል።

ልምምዱ በየሩብ ዓመቱ ለእያንዳንዱ ፈረቃ አንዴ ነው፣ ሶስት ፈረቃ ካለ በዓመት 12 ማለት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሚደረገው ላይ በሽተኛ እንዳይረበሽ በደወል ፈንታ በኮድ ማሳወቅ ይፈቀዳል። ሰራተኛው የሚያጠናው ቅደም ተከተል አድን፣ አሳውቅ፣ በር ዝጋ፣ ከቻልክ አጥፋ የሚል ነው፣ በር መዝጋት ከማጥፋት መቅደሙ ልብ ይባል።

ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ውሃ የሚረጨው ሲስተም) ለአዲስ ሆስፒታል ግዴታ ነው፣ ለነባር ረጃጅም ህንጻዎች የ2016ቱ ደንብ 12 ዓመት ሰጥቷል፣ ሐምሌ 2028 እኤአ ላይ ያበቃል። ሲስተሙ ራሱ ሲበላሽ ወይ ለጥገና ሲዘጋም ህግ አለው፦ አላርሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ፣ ስፕሪንክለሩ ከ10 ሰዓት በላይ ከጠፋ፣ ወይ ያልተጠበቀው የህንጻው ክፍል ይለቀቃል ወይ ሲስተሙ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ምንም ስራ ያልተሰጠው ሰው እየዞረ እሳት ይጠብቃል፣ ኢንስፔክተር ሲመጣም የዞረበት ሰዓት የተጻፈበትን መዝገብ አምጡ ይላል።