የጦርነት ዘመን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል አሠራርና አቀባብ፣ ከጣና ዳር ሲታይ

የተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ሥራ በጦርነት ዘመን የበረረን አውሮፕላን በተወሰነ ልክ አሳንሶ፣ ቅርጹንና ቀለሙን ሳያዛቡ መልሶ መሥራት ነው። ከአሻንጉሊት የሚለየው በልኬቱ ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ልኬቶች 1/72 እና 1/48 ናቸው፤ በመጀመሪያው የሞዴሉ አንድ ሴንቲሜትር የእውነተኛውን 72 ሴንቲሜትር ይወክላል። ልኬቱ ለቁም ነገርም ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን መለየት ለማሠልጠን፣ ተማሪዎች 500,000 ሞዴሎችን ከእንጨት እንዲቀርጹለት ጠይቆ ነበር።

ጀማሪው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የእንግሊዙን ስፒትፋየር ነው። መልኩ ያምራል፤ ከጣና ሰማይ ጋር ግን ጉዳይ የለውም። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው የሚቀርበው የጣሊያኑ ፊያት ሲአር 42 ነው፤ ጣሊያኖቹ «ፋልኮ»፣ ጭልፊት ይሉታል። ድርብ ክንፍ፣ ክፍት የአብራሪ መቀመጫ፣ የማይታጠፍ እግር ያለው፣ ገና ሲወለድ ዘመን ያለፈበት አውሮፕላን ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ጎንደር ላይ ለተከበበው የጣሊያን ጦር እስከ መጨረሻው የቀረው ተዋጊ ይኸው ነበር። በጥቅምት 1934 ዓ.ም. ከመጨረሻዎቹ አንዱ ግላዲያተር በተባለ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ ጦሩም ኅዳር 18 እጁን ሰጠ። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም በሚጠራበት ባሕር ዳር «የጠላት አውሮፕላን ሳሎንህ ውስጥ ምን ያደርጋል?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። የተማረከ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል።

የእውነተኛው ክንፍ 9.70 ሜትር ስለሆነ በ1/72 13.5 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ከእስክሪብቶ አይበልጥም። ተገጣጣሚው ፕላስቲክ በዘመድ ሻንጣ ሊመጣ ይችላል። የሞዴል ሙጫና የዘይት ቀለም ግን ተቀጣጣይ በመሆናቸው አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱምና ምትካቸው ከገበያ ይፈለጋል። ሱፐር ግሉ አካሉን ይይዛል፤ እንፋሎቱ ግን የአብራሪውን መስታወት ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ለመስታወቱ የአናጢ ኮላ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ጥርት ይላል።

መገጣጠሙ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ ብዙ አይጠይቅም። የአብራሪው ክፍል አስቀድሞ ይቀባል፣ ሁለቱ የአካል ግማሾች ይጣበቃሉ፣ ስፌቱ በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። የእውነተኛው ክንፍ በብረት አጥንት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነበር፤ አንዳንድ የፕላስቲክ አምራች ይህን ለማሳየት ሲል ክንፉን የከሳ ፍየል ጎድን ያስመስለዋል። ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ነበርና ጉብታው በጣት እስኪጠፋ፣ በዓይን ብቻ እስኪቀር ድረስ ይፋቃል።

ሞዴል የሚፈረድበት በቀለሙ ነው። መደቡ አሸዋማ ቢጫ፣ ሆዱ ግራጫ ነው፤ በቢጫው ላይ አረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ ይበተናል። በጥር ጎጃምን ከላይ ያየ ሰው ይህ ቀለም ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል። ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ይጠቁራልና መደቡ ላይ ጥቂት ነጭ ይጨመራል። ለነጠብጣቡ ከብሩሽ ይልቅ የስፖንጅ ቁራጭ በወረንጦ ይዞ፣ ቀለሙን ወረቀት ላይ አራግፎ፣ ሊደርቅ ሲል መንካት ይበጃል። እጅ ሳይታወቀው ነጠብጣቡን በመስመር ይደረድራል፤ ሠሪው ክንፉን እያዞረ ይህን ልማድ መስበር አለበት። ያኔም የነብር ቆዳ መስሎ ከወጣ አጥቦ እንደገና መጀመር ነው።

ከዚያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ለስላሳ ካልሆነ በውሃ የሚለጠፉት ምልክቶች ሥር አየር ገብቶ ብር ይመስላል። በጭራው መሪ ላይ ነጭ መስቀል፣ በክንፉ ላይ ሦስት ጥቁር ፋሾ (መጥረቢያ የታሰረበት የበትር ጥቅል፣ የፋሺስቶች ምልክት) ያሉበት ክብ ይለጠፋል። መጨረሻው የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ነው፤ እዚህ ላይ የጣና አየር ዋና ጠላት ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ውስጥ የተረጨ ቫርኒሽ እንደ ወተት ይነጣል። ስለዚህ የሚቸኩልም ቢሆን ክረምቱን በመቁረጥና በመፋቅ ያሳልፈዋል። ከመስቀል በኋላም ቢሆን ጊዜው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ያልደረቀ ክንፍ ላይ ትንኝ ያስቀምጣል። ያንን ትንኝ ደግሞ ትኩስ ቀለም ላይ ለመልቀም መሞከር ጉዳቱን ያበዛል። ደርቆ ሲያልቅ በምላጭ ጫፍ ይነሳል፤ እግሩ ከቀረም በቡናማ ነጠብጣብ ይሸፈናል።