«በጣም የተመረጠች አገር» ማለት ምን ማለት ነው?

የድሬ ነጋዴዎች ግሩፓችን ላይ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። አቦ፣ የሚያሳስተው ስሙ ነው! ለአንዷ አገር ብቻ የተለየ ውለታ የተዋለ ያስመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

በዚህ ስም የሚጠራው የዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ የሚለው፣ ለአንዱ ያደረግከውን ለሌላውም አባል አድርግ ነው። እንበልና አንዲት አባል አገር በሕንድ ጨርቅ ላይ ቀረጡን ከ20 ወደ 10 በመቶ አወረደች። ከቱርክና ከቻይና የሚመጣው ተመሳሳይ ጨርቅም 10 በመቶ ይከፍላል። ከፊራ ገበያ ላይ ለአንድ ደንበኛ የቀነሰች ሻጭ ለቀሪውም ቀንሺ እንደማለት ነው።

ቀረጥ ይጥፋ ግን አይልም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ ቃል ከገባችበት ጣሪያ እስካላለፈች ድረስ ቀረጥ መጣል ትችላለች። የተከለከለው ማዳላት ነው።

መርሁ እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የጋት (የታሪፍና ንግድ አጠቃላይ ስምምነት) አንቀጽ 1 ነው። የቀረጡ መጠን ግን በየአገሩና በየዕቃው ይለያያል።

አንድ ትልቅ ልዩ ሁኔታ አለ። ነፃ የንግድ ቀጠና የመሠረቱ አገሮች እርስ በርስ የተቀናነሱትን ቀረጥ ከቀጠናው ውጭ ላለ አገር የመቀነስ ግዴታ የለባቸውም። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠናም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በቀጠናው ስምምነት የኬንያ ዕቃ ቀረጥ ቢቀንስ፣ የዱባዩም አብሮ ይወርዳል ብላችሁ ሒሳብ አትሥሩ።