የቤት ሰርቨር ምንድን ነው?

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። እንደ ቁም ሳጥን የቆመ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ብረት። ባሕር ዳር እኛ ቤት ያለው ሰርቨር ግን ሳሎን ቡፌው ላይ ነው የተቀመጠው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ቃሉ በአማርኛ ሲፈታ አገልጋይ ማለት ነው። ሰርቨር የሚያሰኘው የማሽኑ ትልቅነት ሳይሆን ሥራው ነው። ስልክ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ይጠይቀዋል፣ እሱ ይመልሳል። በጀልባ ተሻግራችሁ የዘጌን ገዳማት ያያችሁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። የብራና መጻሕፍቱ ዕቃ ቤት ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ጠባቂው አባት አውጥተው ያሳያሉ፤ አሳይተው ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ጠያቂው ይለዋወጣል፤ መጽሐፉ ግን ቤቱን አይለቅም። ሰርቨርም እንዲሁ ነው፤ ፋይሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከየስልኩ ይከፍተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። ዋይፋይ በስልካችሁና በራውተሩ (ዋይፋዩን በሚያከፋፍለው ሳጥን) መካከል ያለው መንገድ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው ነው። የውጭው ቢዘጋም የውስጡ ይሠራል። ሰርቨሩ በራውተሩ በኩል እንደ 192.168.1.10 ያለ የቤት ውስጥ አድራሻ ይይዛል፤ እሱን ስልካችሁ ብሮውዘር ላይ ስትጽፉ ይከፈታል። አንድ ሳንቲም የዳታ ሂሳብ አይቆርጥም።

ዳታ ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት የዚህን ጥቅም በደንብ አየሁት። የእህቴ ልጅ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነበር። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፒዲያን እንዳለ በአንድ ፋይል ይዞ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከባድ ነው፣ ወደ 100 ጊጋባይት ይደርሳል። የአማርኛው ግን ፍላሽ ላይ በቀላሉ ይገባል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ካለ ጓደኛዬ በሃርድ ዲስክ ገልብጬ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ በስልኳ፣ ስለ ፎቶሲንተሲስ ስታነብ አየሁ። ያን ቀን ነው በዚህ ሥራ ልቤ የገባው።

ሌላውም አለ። ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ለሁሉም ያጋራል። ጄሊፊን የሚባለው ደግሞ ያላችሁን ፊልምና መዝሙር በቲቪና በስልክ ያጫውታል።

ለመጀመር አዲስ ዕቃ አትግዙ። አሮጌ ላፕቶፕ ይበልጣል። አንደኛ፣ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ ድንገት ተዘግቶ ዲስኩን አይጎዳም። ሁለተኛ፣ ሥራ ሳይበዛበት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዋት ቢበላ ነው። በ15 ዋት ብናስበው ሌት ተቀን ሠርቶ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ላዩ ላይ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሰርቨር ይጫናል፤ ሁለቱም ሊኑክስ የሚባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ዓይነቶች ናቸው፣ በነፃ ይገኛሉ። እኔ መጀመሪያ ክዳኑን ስዘጋው ሰርቨሩ ከቤቱ ኔትወርክ ጠፋብኝ። ለካ ክዳን ሲዘጋ እንዲተኛ ታዞ ኖሯል! ያን ቅንብር ቀይሩት። ባትሪውንም አልፎ አልፎ እዩት፤ በባሕር ዳር ሙቀት ቻርጀር ላይ የከረመ አሮጌ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። ካበጠ አጥፍታችሁ አስወጡት። ራውተሩ ግን ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ እሱም ስለሚጠፋ፣ እሱን የምትይዝ ትንሽ ባትሪ ያስፈልጋል።

ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ስለ ተጠባባቂ ቅጂ፣ በጣም አደራ እላለሁ። ፎቶው ሰርቨሩ ላይ ስላለ ብቻ ተረፈ ማለት አይደለም። ዲስክ ይሞታል። ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ያንንም ሌላ ቤት፣ ዘመድ ጋ አስቀምጡት። ከውጭ አገር ሆኖ መክፈቱ ይቆይላችሁ። የይለፍ ቃልና የደኅንነት ነገር በደንብ ሳይገባችሁ ሰርቨሩን ለኢንተርኔት አትክፈቱት።

የመጀመሪያው የዌብ ሰርቨርም የአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የነበረ ኮምፒውተር ነው። ዌብን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ሰርን በሚባለው የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለ የምርምር ማዕከል ውስጥ ነው ያስነሳው። ሰው እንዳያጠፋበት «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ አታጥፉት» የሚል ወረቀት በቀይ ቀለም ጽፎ ለጥፎበታል። እናቴም ልብስ ልትተኩስ ስትል የእኛን ነቅላው ታውቃለች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ሶኬቱ አጠገብ ለጠፍኩ፦ «እማዬ፣ የጥምቀት ፎቶሽ እዚህ ነው ያለው፤ እንዳይነቀል።» አሁን ካውያውን በመስኮቱ በኩል ባለው ሶኬት ትሰካለች።