«ለበጎ ነው» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የማውቀው ሰው ከሥራ ተባረረ። ገና የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ሳያስረክብ አንድ ወንድም «አይዞህ፣ ለበጎ ነው፤ እግዚአብሔር የተሻለ ቦታ ሊያስገባህ ነው» አለው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ልጇን የቀበረች እናት ያንኑ ቃል ስትባል ሰማሁ። እሷ ዝም አለች። እኔ መጽሐፍ አስተምራለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ለባርነት የሸጡትን፣ በኋላም በግብፅ የተሾመውን የዮሴፍን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ አልደግመውም። «ለበጎ ነው» ባዮች የሚጠቅሱት ግን እሱን ነው። እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ብሏል አይደል? ብሏል። መቼ? የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ተሸጠ። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞላው። 7 የጥጋብና 2 የረሃብ ዓመት አልፎ አባቱ ግብፅ ወረደ፤ እዚያም 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። ይህ ንግግር የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ደምሩት፤ ዮሴፍ 56 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

«ዘፍጥረት 45 ላይ ቀድሞ ተናግሮት የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ። ያኔም 39 ዓመቱ ነው። ከጉድጓዱ ከወጣ 22 ዓመት አልፎታል። ደግሞ የተናገረው ራሱ የተሸጠው ሰው ነው። ልጁ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲለምን አፋፉ ላይ ቆሞ «አይዞህ ዮሴፍ፣ ለበጎ ነው» ያለው የለም። ወንድሞቹማ እንጀራ እየበሉ ነበር።

አንድ ነገር ሁሌም ይዘለላል። ዮሴፍ ያንን ከመናገሩ በፊት ወንድሞቹን «እኔ በእግዚአብሔር ምትክ ነኝን?» ብሎ ጠየቃቸው። መጀመሪያ ከአምላክ ወንበር ላይ ራሱን አነሣ፤ ከዚያ ስለ አምላክ ሐሳብ ተናገረ። «ለበጎ ነው» የሚባለው እምነት ይኸው ነው፦ ምክንያቱን ሳላውቅ በሚያውቀው ላይ እደገፋለሁ። ምክንያቱን አውቄ ልንገርህ ማለት ከመጣ ግን ትዕቢት ነው፤ ነጠላ ስለለበሰ ስሙ አይቀየርም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሌሊት አውቶቡስ እንደተሳፈራችሁ አስቡ። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ይጀምራል። ደጀን ያለው ወዲያ ማዶ፣ ላይ ነው። መንገዱ ግን ቁልቁል ነው። ሹፌሩን አምኖ የተቀመጠ አለ። ጭልጥ ብሎ የተኛም አለ። ከኋላ ወንበር፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ «አሁን የታጠፈው እንዲህ ስለሆነ ነው፣ የቆመው እንዲያ ስለሆነ ነው» እያለ ሌላውን የሚያስረዳም አይጠፋም። መሪውን አልያዘም። መንገዱም አይታየውም። የሹፌሩ ቃል አቀባይ አድርጎ የሾመው ማነው? ብሶ ደግሞ ሆዱ የተገለበጠበትን መንገደኛ «ማስመለስህ እምነት ስለሌለህ ነው» ይለዋል። ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ምክንያቱም የእኛ ሹፌር፣ እግዚአብሔር፣ መጮህን ይፈቅዳል። ዳዊት «እስከ መቼ?» እያለ ጮኋል፤ ጩኸቱንም ዛሬ በጸሎት እንደግመዋለን።

ሲሳካም ያው በሽታ ነው። ሹመት ያገኘው ሁሉ «እግዚአብሔር ለእኔ ያዘጋጀው ነው» ሲል የአስቴር መጽሐፍ ሐማ፣ ያ የፋርስ ንጉሥ ትልቅ ሹም፣ ትዝ ይለኛል። አልሰግድልህም ያለውን አይሁዳዊ፣ አስቴርን ያሳደጋትን መርዶክዮስን፣ ለመስቀል ቤቱ 50 ክንድ የሚሆን ግንድ አስተክሎ ነበር። ሊያስፈቅድ ሲመጣ ንጉሡ ቀድሞ «ንጉሥ ሊያከብረው ለሚወድደው ሰው ምን ይደረግለት?» አለው። ሐማ ከእኔ ሌላ ማን አለ ብሎ የንጉሡን ልብስና ፈረስ አዘዘ። ንጉሡ ግን ይህን ለመርዶክዮስ አድርግለት አለው። ልብሱን ለመርዶክዮስ አለበሰው፤ ፈረሱ ላይ አስቀምጦም በከተማው አደባባይ አዞረው። ንጉሡ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ መርዶክዮስ ሕይወቱን እንዳተረፈለት የሚናገረውን የታሪክ መዝገብ እንዳስነበበ ሐማ አላወቀም። መርዶክዮስስ ለአስቴር ምን አላት? ንግሥት የሆንሽው ለዚህ ጊዜ እንደሆነ ማን ያውቃል አላት። «ማን ያውቃል»! ዛሬ አንድ ሰባኪ እንዲህ ቢል ምእመኑ እምነቱ ደክሟል ይለዋል።

የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ሲቀመጡ ጎበዞች ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው ማብራራት ሲጀምሩ ነው የተበላሸው። የአንድምታ፣ ማለትም የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህራን ለአንዲት ቃል እንኳ «አንድም፣ አንድም» እያሉ ብዙ ፍቺ ይደረድራሉ። እኛ ለሰው ሐዘን አንድ ፍቺ ሰጥተን ቡናችንን እንጠጣለን።

«እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል» የሚለውን ሮሜ 8፥28ን ይዞ የሚመጣውን ወንድም ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ውጣ እለዋለሁ። ጳውሎስ እዚያ እንደሚገባን እንዴት እንድንጸልይ አናውቅም ብሏል። ለቅሶ ቤት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበቃል።

አደራ፣ መታመን እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አይደለም። ዮሴፍ ራሱ እስር ቤት ሆኖ የጠጅ አሳላፊውን «ስትወጣ ለፈርዖን አንሣኝ» ብሎታል። ሰውየው ረሳው፤ ሁለት ዓመት አለፈ። መለመኑ ግን ኃጢአት ተብሎ አልተጻፈበትም። ያ የተባረረው ወዳጄም ውሉን ይዞ ሥራ ክርክር ችሎት ይሂድ።